ሊብሬ የሌለው መኪና የማን ነው? ስለ 51 ሚሊዮን ዩሮው መርሴዲስ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ብዙዎች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ሽቱትጋርት ላይ በ51.155 ሚሊዮን ዩሮ ስለተሸጠው የመርሴዲስ ቤንዝ ደብልዩ 196 አር የውድድር መኪና፣ ሻንሲ ቁጥር 00009/54፣ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። መኪናው ውድ የሆነው አርጀንቲናዊው ሾፌር ፋንጂዮ የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫ ያነሳበት ስለሆነ ነው፤ በዓለም ላይ ከተሸጡት መኪናዎችም ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ማንነቱ በሻንሲው ላይ በተመታው ቁጥርና በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) ወረቀት ይረጋገጣል። ሆኖም ቦዲውም ሞተሩም ሲቀያየር ስለኖረ "ግማሽ ኦሪጅናል" ነው። መርሴዲስ በስጦታ የሰጠውን ንብረት የኢንዲያናፖሊስ ሙዚየም መሸጥ አልነበረበትም፤ ደግሞም ሊብሬ የሌለው መኪና ባለቤትነቱ አይታወቅም። በመጨረሻ ለገዢው ምክር ተሰጥቷል፦ ሞተሩ እንዳይሞት በየወሩ አምስት ደቂቃ ይነሳ።

ጽሑፉ ስለ ሞተሩ አሠራር የሰጠው ገለጻ ትክክል ነው። ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2,496 ሲሲ፣ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ፣ ቫልቩን በሞላ ሳይሆን በካም የሚከፍትም የሚዘጋም ሞተር ነው። ጸሐፊው ይህን ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ ቋንቋ አስረድተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ወጥተው ወደ ታሪኩና ወደ ባለቤትነቱ ሲገቡ ነው። ይህ ብረት ምንድን ነው? ምን ሠራ? የማን ነው? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ምስክሩ ብረቱ ራሱ ነው፤ ለሁለተኛው የውድድር መዝገብ፣ ለሦስተኛው የውል ወረቀት። ጽሑፉ የአንዱን ምስክር እያነሳ ለሌላው ጥያቄ አስቆጥሮታል።

ከሻምፒዮናው እንጀምር። ፋንጂዮ በ1954 እና በ1955 የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ አያከራክርም። በጃንዋሪ 1955 ቦነስ አይረስ ከተማ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ውድድር ተካሂዷል፤ ሁለቱንም ያሸነፈው ፋንጂዮ ነው። ጃንዋሪ 16 የተደረገው የአርጀንቲና ግራንድ ፕሪ የዓለም ሻምፒዮና አካል ነበር። ጃንዋሪ 30 የተደረገው የቦነስ አይረስ ግራንድ ፕሪ ግን ፎርሙላ ሊብር በሚባለው፣ የሞተር ገደብ በሌለው ደንብ የተካሄደ ነው፤ ለሻምፒዮናው ነጥብ አልተያዘበትም፤ አሸናፊውም የተለየው በዕለቱ በተደረጉ ሁለት ሩጫዎች ውጤት ድምር ነበር። የ00009/54 ድል ተብሎ የሚመዘገበው ይህ ሁለተኛው ነው። ለመደናገር የሚያመች ስም ስለሆነ ጸሐፊው ላይ አልፈርድም። ግን አንድ ነገር ማየት ይበቃ ነበር። በዚያ ቀን መኪናው የተጫነለት ሞተር 300 ኤስኤልአር ለተባለው የመርሴዲስ ሌላ የውድድር መኪና የተዘጋጀው የ3 ሊትር ሞተር ነው። የ1954ቱ የፎርሙላ 1 ደንብ ያለ ኮምፕሬሰር የሚፈቅደው እስከ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሻምፒዮና ውድድር ላይ ቢቀርብ ኖሮ ገና ከመነሻው ይመለስ ነበር።

00009/54ን ከሻምፒዮናው ጋር የሚያገናኘው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1955 የተደረገው የሞንዛ ውድድር ነው። ጎማዎቹን የሚሸፍነውን የተሳለጠ ቦዲ ለብሶ፣ በእንግሊዛዊው ሾፌር በስተርሊንግ ሞስ ተነድቶ፣ የዕለቱን ፈጣን ዙር አስመዘገበ፤ ኋላም ተበላሽቶ አቋረጠ። በዚያ ዘመን ፈጣን ዙር አንድ ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ ነጥቧም ለሞስ ተያዘች። ውድድሩን ያሸነፈው ፋንጂዮ በሌላ ሻንሲ ነው የነዳው። ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈ ደብልዩ 196 የሚፈልግ ሰው 00006/54ን ያንሳ፤ ፋንጂዮ በ1954 የጀርመንንና የስዊዘርላንድን ግራንድ ፕሪ አሸንፎበታል። ያ መኪና በጁላይ 2013 ጉድዉድ ላይ በቦናምስ ጨረታ 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል።

እንዲህ ያለ ስህተት የጨረታ ቤቶችንም ይገጥማቸዋል። በ2007 ክሪስቲስ ፓሪስ ላይ ሊሸጠው አዘጋጅቶት የነበረው የ1939ኙ የጀርመን የውድድር መኪና፣ አውቶ ዩኒየን ዲ-ታይፕ፣ የጨረታው ቀን ሲቃረብ የውድድር ታሪኩ ላይ ጥያቄ ተነሳና ከሽያጭ ወጣ። ብረቱ እውነተኛ አውቶ ዩኒየን ነበር፤ የተጠየቀው ምን ውድድር እንዳሸነፈ ነው። ስለዚህ "ይህ መኪና ያንን ውድድር አሸንፏል" የሚል ሲመጣ መጠየቅ ያለበት የተለመደ ነገር አለ። በቦዲው ላይ የተቀባው ቁጥር የዚያ ዕለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መኪና ላይ ይቀባል፤ ማስረጃ አይሆንም። የቡድኑ የሥራ መዝገብ የትኛው ሻንሲ የትኛውን ሞተር ይዞ ለማን እንደተሰጠ ይጽፋል። ቀጥሎ ፎቶ አለ፦ የሪቬት መስመሮች፣ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ብዛት፣ የነዳጅ ክዳንና የመስታወት መቆሚያ የት እንዳለ በጥንቃቄ ይነጻጸራል። የልምምድ ቀን ፎቶ ከውድድሩ ቀን ፎቶ ጋር እንዳይምታታ ደግሞ ቀኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሾፌሮች በልምምድ ላይ የጓደኛቸውን መኪና መንዳታቸው የተለመደ ነበርና።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ። በዓለም ውዱ መኪና እሱ አይደለም፤ በሜይ 2022 የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡለንሃውት ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። 00009/54 በጨረታ ከተሸጡ የግራንድ ፕሪ መኪናዎች ውዱ ነው ቢባል ትክክል ነው። 51.155 ሚሊዮኑም መዶሻው የወደቀበት ዋጋ ሳይሆን የገዢው ኮሚሽን የተጨመረበት ነው። መዶሻው የወደቀው 46.5 ሚሊዮን ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው 250,000 ዩሮ 12 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 10 በመቶ ሲታሰብ 4.655 ሚሊዮን ይጨመራል። ሁለት ጨረታዎችን የሚያነጻጽር ሰው ኮሚሽን ያለበትን ኮሚሽን ከሌለበት እንዳያጋጭ ይህን ልብ ይበል።

ወደ ሻንሲ ቁጥር እንሂድ። ጸሐፊው "ቁጥሩ ተመትቷል፣ አለቀ" ይላሉ። መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ይህ አስተሳሰብ ይሠራል፤ ለቦሎ ምርመራ ስንቀርብ ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ ከገጠመ ገጠመ ነው። የድሮ ግራንድ ፕሪ መኪና ግን ቁጥሩን የመታው ፋብሪካ ራሱ ቁጥሩን ያዘዋወረበት ዓለም ውስጥ የኖረ ነው። የጣሊያኑ የውድድር መኪና የማዜራቲ 250 ኤፍ ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው፤ ሞዴና ያለው ፋብሪካ አሮጌ ቁጥር ለአዲስ ሻንሲ ሰጥቷል፣ የተጎዳ መኪና በሌላ ሻንሲ ተተክቶ በዚያው ስም እንዲቀጥል አድርጓል። የሚያጭበረብር ሰው በመካከሉ አልነበረም፤ ለውድድር የሚሯሯጥ ፋብሪካ የጉምሩክ ወረቀቱ የሚያውቀውን ቁጥር ይዞ ድንበር መሻገር ይቀለዋል። ኋላ ደግሞ እንግሊዝ አገር በፋብሪካው ዲዛይንና በተረፉ ዕቃዎች ሙሉ 250 ኤፍ መኪናዎች ተሠርተዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይቶ በቁጥር መፍረድ ከባድ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ቁጥሩ ያረፈበትን ብረት ማንበብ ይቀድማል። የፊደሎቹ ቅርጽና መጠን በዚያ ፋብሪካ ከተመቱ ሌሎች ቁጥሮች ጋር ይነጻጸራል፤ የመምቻ ብረቶች የየራሳቸው ጉድለት ስላላቸው ለምሳሌ የ4 አግድም መስመር አጥሮ ከታየ በሌሎቹም ላይ አጥሮ መገኘት አለበት። በቁጥሩ ዙሪያ ያለው ብረት ከጎኑ ካለው ቀጥኖ ከተገኘ ተሞርዷል ማለት ነው፤ ይህን የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ያሳያል። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ የ1950ዎቹ የጋዝ ብየዳ ሰፋ ያለና ለስላሳ ነው፤ ጠባብ፣ በእኩል እርከን የተደረደረ ብየዳ ከታየ ግን ኋላ በመጣ ዘመን የተሠራ ነው። እሱ ብቻውን ግን ቅጂ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ስንጥቅ ተጠግኖም ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ ከጠቅላላው ቱቦ ስንቱ እንዲህ ሆኗል የሚለው ነው።

የኤፍአይኤን ወረቀት በተመለከተ ጽሑፉ ላይ ያለው ስህተት ከሁሉም በላይ የተለመደ ነው። ሂስቶሪክ ቴክኒካል ፓስፖርት የሚባለው ሰነድ መኪናው በዘመኑ ከነበረው የቴክኒክ ዝርዝር ጋር እንደሚስማማና በታሪካዊ ውድድር ሊሳተፍ እንደሚችል ይናገራል። ስለ ማንነቱ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ባለቤቱ ማረጋገጫ አይሰጥም። ባለፈው ዓመት የተሠራ ነገር ግን በዝርዝሩ መሠረት በትክክል የተገነባ ቅጂም ይህን ፓስፖርት ሊያገኝ ይችላል። ሻጭ ፓስፖርቱን የማንነት ምስክር አድርጎ ካቀረበ ገዢው ሌላ ማስረጃ እንዲያመጣ ሊጠይቀው ይገባል።

"ግማሽ ኦሪጅናል" የሚለው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ እዚህ ጋ ጸሐፊው ያነሱት ጥያቄ ጥሩ ስለሆነ። ለደብልዩ 196 ቦዲ መቀየር የተሠራበት ዓላማ ነው። በጁላይ 1954 ሬምስ ላይ በተሳለጠው ቦዲ ወጥቶ አንደኛና ሁለተኛ ሆነ። በዚያው ወር ሲልቨርስቶን ላይ ግን ፋንጂዮ የፊት ጎማዎቹ በቦዲው ስለተሸፈኑ የመታጠፊያዎቹን ጠርዝ የሚያመለክቱትን በርሜሎች እየመታ አራተኛ ወጣ፤ በኦገስት ወር ኑርቡርግሪንግ ላይ ጎማዎቹ ክፍት የሆኑበት ቦዲ መጣ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቀጥታው ለበዛ መስመር አንዱን፣ መታጠፊያው ለበዛ ሌላውን በዚያው ሻንሲ ላይ ይጭን ነበር። 00009/54 በጃንዋሪ 1955 በክፍት ጎማ፣ በሴፕቴምበር በተሸፈነ ጎማ መታየቱ የዚህ ውጤት ነው። በሁለቱም መልኩ የአንድ ሰው መቀመጫ ያለው የውድድር መኪና ነው። ሁለቱም ቦዲ በዘመኑ፣ በፋብሪካው፣ ለውድድር ተብሎ የተቀየረ ስለሆነ ከኦሪጅናልነቱ የሚቀንሰው የለም። ፒስተን፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ሸራና ጎማም እንደዚያው፤ እነዚህ እንዲያልቁ የተሠሩ ናቸው።

የሚጎዳው ከውድድር ዘመኑ በኋላ የተደረገ ለውጥ ነው፤ በተለይ ያልተመዘገበ ከሆነ። የዚህ መኪና ቦዲ ኤሌክትሮን ከሚባል የማግኒዚየም ቅይጥ ላሜራ የተሠራ ነው። በኋላ ዘመን በአሉሚኒየም የተተካ ቦዲ ቀለም ከተቀባ በዓይን አይለይም፤ ማግኔትም አይረዳም፤ ሁለቱንም አይስብምና። የማግኒዚየም እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.74 ግራም፣ የአሉሚኒየም 2.70 ነው፤ ስለዚህ ተፈትቶ የሚመዘን ክፍል ካለ በእኩል ውፍረት የአሉሚኒየሙ ወደ 55 በመቶ ይከብዳል። ሳይፈታ ለማወቅ ቀለም በተላጠበት ቦታ ብረቱ ከምን እንደተሠራ በጨረር በሚለይ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ማንበብ ይቻላል። ማግኒዚየም የብረት ብሎንና እርጥበት ባሉበት ከብሎኑ ዙሪያ ጀምሮ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከቀለሙ ሥር ሲያብጥ ይታያል። በብረት ሪቬት ዙሪያ ምንም ምልክት የሌለበት የ70 ዓመት ማግኒዚየም ላሜራ ሲገኝ ደስ ከማለት በፊት መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ ይሻላል።

ሕግስ ምን ይላል? ጸሐፊው "ፍርድ ቤት ቢሄድ ይወድቃል" ብለዋል። ለንደን ላይ በ1990 የታየ ጉዳይ አለ። መኪናው የአንድ ሰው መቀመጫ ያለው አይደለም፤ በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የ"ለ ማን" ውድድር ያሸነፈው "ኦልድ ነምበር ዋን" የተባለው ቤንትሌይ ነው። በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ውል ከተፈጸመ በኋላ ገዢው ኩባንያ እውነተኛው አይደለም ብሎ አልከፍልም አለ። መኪናው እስከ 1932 ድረስ ሻንሲውም ሞተሩም ቦዲውም ተቀያይሮ፣ በዚያው ዓመት ብሩክላንድስ ላይ ከባድ አደጋ ደርሶበት፣ ኋላም ኩፔ ሆኖ ተሠርቶ ነበር። ዳኛው ኦተን በ"ለ ማን" ውድድር ላይ የሮጠው ብረት ከጥቃቅን ዕቃዎች በቀር እንደሌለ ተቀበሉ፤ በዚያ ትርጉም "ኦሪጅናል" ሊባል አይችልም አሉ። ግን ለውጡ ሁሉ በአንድ ያልተቋረጠ ሕይወት ውስጥ የተፈጸመ ነው፤ ያንን ስም እኔ ነኝ የሚል ሌላ መኪናም የለም፤ ስለዚህ እውነተኛው ኦልድ ነምበር ዋን እሱ ነው ብለው ለሻጩ ፈረዱ። ከዚያ መኪና ጋር ሲነጻጸር 00009/54 የደረሰበት ለውጥ ኢምንት ነው።

ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ነጥብ ግን አለ። ኦሪጅናልነት በኪስም ያስከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ አንድን መኪና ከቀረጥ ነጻ "የሰብሳቢዎች ዕቃ" አድርጎ የሚያየው ቢያንስ 30 ዓመት የሆነው፣ ከምርት የወጣ ሞዴልና በሻንሲ፣ በቦዲ፣ በመሪ፣ በፍሬን፣ በማስተላለፊያ፣ በሱስፔንሽን (መኪናውን በጎማዎቹ ላይ በሚይዘው ክፍል) ወይም በሞተር ላይ መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት ሲሆን ነው። ጥገናና እድሳት ይፈቀዳል። ስለዚህ የጥገና መዝገብ መያዝ ከታሪክ ፍቅር ባሻገር ጥቅም አለው፤ ምን፣ መቼ፣ በማን፣ በምን ቁሳቁስ እንደተቀየረ ካልተጻፈ ክርክሩ ከጉምሩክ ሠራተኛ ጋር ይሆናል።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ። መርሴዲስ ይህን መኪና በ1965 ለአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ ሙዚየም ሰጠ። ስጦታ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጥቶ ከተረከቡት በኋላ ባለቤትነቱ ይተላለፋል፤ ሰጪው "ልትሸጠው ብታስብ ቅድሚያ ለእኔ" ወይም "ካላሳየኸው መልስልኝ" ማለት ከፈለገ በስጦታው ውል ላይ ማስፈር አለበት። ጽሑፉ እንዲህ ያለ ቃል አለ አላለም፤ "ነውር ነው" ብቻ ነው ያለው። ደግሞ ጨረታው የተካሄደው የት ነው? ሽቱትጋርት፣ መርሴዲስ ቤንዝ ሙዚየም ውስጥ። ቅር የተሰኘ ሰጪ ቤቱን ለሽያጩ አይከፍትም። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ከላይ የጠቀስነው 00006/54 በ1973 ለእንግሊዙ የቢውሊ ሙዚየም ተሰጥቶ በ1980ዎቹ ከሙዚየሙ እጅ በሽያጭ ወጥቷል።

የጸሐፊው ቅሬታ በሥነ ምግባር ደረጃ ቢቀርብ ግን ይደመጣል። ኢንዲያናፖሊስ በዚያ ሰሞን 11 መኪናዎችን ለሽያጭ ያወጣው ገንዘብ ለማሰባሰብና ለተቋሙ እድሳት ነው፤ በ1965 የ"ለ ማን"ን ውድድር ያሸነፈው ፌራሪ 250 ኤልኤምም በ34.88 ሚሊዮን ዩሮ ሄዷል። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ከስብስብ በተሸጠ ዕቃ የሚገኝ ገንዘብ ለስብስቡ ጥቅም ብቻ እንዲውል ይጠይቃል። ገንዘቡ ለምን ዋለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ግን "መሸጥ አይችልም" ከማለት ይለያል።

ሊብሬ የለውም የተባለው እውነት ነው፤ ሊኖረውም አይገባም። ሊብሬ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ነው። ይህ መኪና ታርጋ አልነበረውም፤ ከውድድር ወደ ውድድር በካሚዮን ይጓዝ ነበር። በእንዲህ ያለ መኪና ባለቤትነት የሚረጋገጠው በሰንሰለት ነው፦ ከፋብሪካው የወጣበት ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ፣ የተቀባዩ የንብረት መዝገብ፣ በየድንበሩ የተሞላ የጉምሩክ ሰነድ፣ የኢንሹራንስ ውሎች፣ ከእያንዳንዱ ሻጭ ወደ ገዢ የተላለፈበት ውል፣ በዕዳ አለመያዙን የሚገልጽ ማረጋገጫ። በዚህ በኩል 00009/54 ለግራንድ ፕሪ መኪና ብርቅ የሆነ አጭር ሰንሰለት አለው፤ ፋብሪካ፣ ሙዚየም፣ ገዢ። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩትን፣ በተለይ በ1945 ወደ ሶቪየት ኅብረት የተወሰዱትን አውቶ ዩኒየኖች የሚገዛ ሰው ነው እንቅልፍ የሚያጣው።

የቀረው የአምስት ደቂቃው ምክር ነው፤ ቢሠራበት ጉዳት የሚያመጣውም ይኸው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ግድግዳና በዘይቱ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ከቃጠሎው ተረፈ ምርት ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይፈጥራል። የዚህ ሞተር ኮሎ (ክራንክሻፍት) የሚሽከረከረው በሮለር ኩሽኔታ ላይ ነው። በሮለሩ ገጽ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የዝገት ጉድጓድ ብትፈጠር በሚቀጥለው ዙር እያደገች ትሄዳለች። ኮሎው ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ ኩሽኔታ ለመቀየር ኮሎው ራሱ ይፈታል።

ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ነዳጁ ይፈሳል። የዘመኑ ነዳጅ ቤንዞልና ሜታኖል የተቀላቀለበት ነበር፤ ዛሬም አልኮል ያለበት ነዳጅ ከተጠቀሙ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አልኮል በሌለው ቤንዚን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ሜታኖል ውሃ እየሳበ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ይበላል፤ በኢንጀክሽን ፓምፑ ውስጥም ዝገት ያስቀራል። ዘይቱ ትኩስ እያለ ይቀየር፤ አሮጌ ዘይት ይዞ ማስቀመጥ አሲዱን ማስቀመጥ ነው። አሥራ ስድስቱ ካንዴላዎች (በሲሊንደር ሁለት) ወጥተው ወደ ሲሊንደሮቹ የመከላከያ ዘይት ይረጭ፤ ሞተሩ በእጅ ጥቂት ዙር ይዙር። ክፍሉ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ይሁን።

ማስነሳት ሲፈለግ ለእውነት ይነሳ። ቦሮስኮፕ (በቀጭን ቱቦ ጫፍ ያለ መመልከቻ) ገብቶ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታይ፤ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ ሞላ ስለሌለ የክፍተት ስህተትን የሚያርም ነገር የለም። ካንዴላ ሳይገባ በውጭ ማስነሻ ሞተሩ እየዞረ የዘይት ግፊት በጌጁ ላይ እስኪታይ ይጠበቅ። የራዲያተሩ ውሃ አስቀድሞ ሞቅ ብሎ ቢገባ ይመረጣል። ከተነሳ በኋላ ዘይቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሳይደርስ ከፍ ያለ ዙር አይሰጠውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቆሞ ሳይሆን እየተነዳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መሥራት አለበት፤ እርጥበቱ ከዘይቱ የሚወጣው በዚያ ነው። የዘይቱ መጠን የሚታየው ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ዘይቱ በተለየ ታንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ ወደ ሞተሩ ወርዶ ጎድሏል ያሰኛል፤ የጎደለ መስሎት የጨመረ ሰው በሚቀጥለው ማስነሳት ትርፉ በመተንፈሻው ሲፈስ ያገኘዋል።